በሩን ዘግታችሁ እለፉ

ስኮትላንድ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይ ደግሞ የመኖሪያ ወረቀት እየጠበቃችሁ ያላችሁ፣ ዛሬ ስለ ፔንትላንድ ኮረብታዎች ላውራችሁ። ከኤድንብራ በስተደቡብ ምዕራብ ይገኛሉ። ከመሀል ከተማ አውቶቡስ ብትሳፈሩ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፍሎተርስቶን የምትባል ቦታ ትደርሳላችሁ። ከዚያ በኋላ በእግር ነው። መግቢያ አይከፈልም። መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። ስም የሚመዘግብም የለም። ለኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ሦስት ሆነን ሄድን። አንዷ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው እናት ናቸው፤ እማማ እንላቸዋለን። ተወልደው ያደጉት መንዝ ነው፤ እዚህ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሦስተኛው ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። የጥገኝነት ጥያቄው፣ ኬዙ፣ አልተወሰነም። ቀኑን ሙሉ ስልኩን እያየ ደብዳቤ የሚጠብቅ ልጅ ነው። መንገድ ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ተስማማን፤ መጣደፍ የለም፣ እማማ ሲቀመጡ ሁላችንም እንቀመጣለን።

በትንሿ የእግረኛ ድልድይ ወንዙን ተሻግረን ወደ አጥሩ በር ስንደርስ ልጁ ቆመ። በጎች ይታያሉ፤ የድንጋይ ካብ አለ፤ ሽቦም አለ።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ የሰው መሬት ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባለቤቱ ፖሊስ ቢጠራስ? ኬዜን እንዳያበላሽብኝ።»

አልፈረድኩበትም። በየብስና በባሕር ስንት ድንበር አልፎ የመጣ ሰው አጥር ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣበት ይሄ ነው። እኔም ወረቀት በምጠብቅበት ዘመን ሕንፃ ሁሉ ዘበኛ ያለው ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ እዚያው በሩ ላይ ቆመን ሕጉን ነገርኩት።

በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 የመሬት ማሻሻያ ሕግ ወጥቷል። ማንኛውም ሰው፣ ዜጋ ሆነም አልሆነም፣ መሬቱ የግልም ይሁን የመንግሥት፣ በተራራውና በሜዳው፣ በጫካውና በሐይቁ ዳር በእግሩ መሄድ ይችላል። መቀመጥ፣ ብስክሌት መንዳት፣ በድንኳን ማደርም ይችላል። የሰው ቤትና ግቢው አይነካም። የተዘራ ማሳ አይረገጥም። በምላሹ የሚጠየቀው ኃላፊነት ነው፤ የተዘጋ በር ከፍታችሁ ከገባችሁ መልሳችሁ ትዘጋላችሁ፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፣ በጎች ባሉበት ውሻችሁን ታስራላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ሰፊ አይደለም፤ እዚያ መብቱ የሚሠራው ለይተው ባስቀመጧቸው ቦታዎችና በተከለሉ የእግር መንገዶች ላይ ነው።

እማማ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ያዳምጡ ነበር። «እንደ ጓሳ ነው በይኛ!» አሉ።

የመንዝን ጓሳ ለማታውቁት፣ ሕዝቡ ለዘመናት በቀሮ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ የጋራ መሬት ነው። ሣሩ የሚታጨድበት ጊዜ አለው፤ የሚዘጋበትም ጊዜ አለው። ሥርዓቱን ያፈረሰ ይቀጣል። እማማ ለልጁ እንዲህ አሉት፤ «የሁሉም ነው ማለት እንደልብህ አድርገው ማለት አይደለም። በል ክፈት ልጄ። ስናልፍ አንተው ትዘጋለህ።» ከፈተ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያን ቀን ያገኘነውን በር ሁሉ የከፈተውም የዘጋውም እሱ ነው፤ መቀርቀሪያው መግባቱን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ ሳያረጋግጥ አንድም ጊዜ አልተከተለንም።

መጀመሪያ የወጣነው ተርንሃውስ የሚባለውን ኮረብታ ነው፤ 506 ሜትር። በዚሁ ኮረብታ ተዳፋት ላይ እ.ኤ.አ. በ1666 ንጉሡ በቤተ ክርስቲያናቸው ጉዳይ እጁን አስገባብን ብለው የተነሡ ሰዎች ከንጉሡ ጦር ጋር ተዋግተው ተሸንፈዋል። አሁን በግ ነው የሚግጥበት። ቀጥሎ ካርኔቲ አለ፤ 573 ሜትር። ደጋ ላደገ ሰው እነዚህ ቁጥሮች ምንም ላይመስሉ ይችላሉ። የመላው ብሪታንያ ከፍተኛ ተራራ ቤን ኔቪስ ራሱ 1,345 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ግን እባካችሁ አትናቁት። ነፋሱ ያንገዳግዳል። ፀሐይ ወጥታ ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ዝናብ ይመጣል። ዝናብ የማያስገባ ጃኬትና መርገጫው የማያንሸራትት ጫማ ግድ ነው። ሱሪያችሁንም ካልሲ ውስጥ አስገቡት፣ ረጅሙ ሣር ውስጥ መዥገር አለ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ መሄዳችን ደግ ሆነ። ሄዘር የሚባለው ቁጥቋጦ የሚያብበው ያኔ ነው፤ ተራራው በሙሉ ሐምራዊ ይለብሳል። እማማ ጎንበስ ብለው አንዱን ቅርንጫፍ ያዙና ቅጠሉን በጣታቸው አሹት። «ይሄ የአስታ ዘመድ ነው» አሉ። ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። የኛ አስታ ዛፍ ሊያክል ይችላል፣ ይሄኛው ከጉልበት አያልፍም።

ትንሽ ከፍ እንዳልን እማማ ሽቦው አጠገብ ቀሩ። የእሾህ ሽቦው ላይ የበግ ፀጉር ተንጠልጥሏል። የዚህ አገር የተራራ በጎች ብዙዎቹ ፊታቸው ጥቁር ነው፤ ቀንዳሞች ናቸው፤ የማን እንደሆኑ እንዲለይ ጀርባቸው ላይ ቀለም ይቀባሉ። እማማ ፀጉሩን ከሽቦው ላይ ቀስ ብለው አላቀቁት። የተጣበቀበትን ሣር ለቀሙለት። በሁለት እጃቸው ሳብ፣ ሳብ አድርገው አፍታቱት። ከዚያ አንዱን ጫፍ በግራ እጃቸው ይዘው በቀኝ አውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ያከሩት ጀመር። ዓይናቸው እኛ ላይ ነው፤ ጣታቸው ግን ሥራውን ያውቀዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስንዝር የሚያህል ክር ወጣ።

«ሻካራ ነው» አሉ ክሩን ወጠር አድርገው። «ለገላ አይሆንም። ለምንጣፍ ግን ግሩም ነው።» የነዚህ በጎች ፀጉር እውነትም ምንጣፍ ይሠራበታል። እሳቸው ይሄን ማንም ሳይነግራቸው በጣታቸው አወቁት። እዚህ አገር እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ሐኪም ቤትም ሱቅም የሚናገርላቸው ሌላ ሰው ነው። ተራራው ላይ ግን አዋቂዋ እሳቸው ነበሩ፤ እኔና ልጁ ጠያቂዎች ሆንን። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ካርኔቲ አናት ላይ ከነሐስ ዘመን የቀረ ትልቅ የድንጋይ ክምር አለ። በእሱ ተከልለን ምሳችንን በላን፤ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቆሎ፣ በፔርሙዝ የያዝነው ቡና። ከታች ኤድንብራ ተዘርግታለች፤ ከወዲያ የፎርዝ ባሕር፣ ከባሕሩ ማዶ ፋይፍ። ልጁ ከተማዋን ብዙ አላያትም። በጎቹን እያየ በልጅነቱ የአባቱን ከብት ስለሚጠብቅበት ጋራ ያጫውተን ጀመር። ስለ ኬዙ አንድ ቃል አላነሳም። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስኮልድ ሎው 579 ሜትር ነው፤ የፔንትላንድ ትልቁ። የእማማ ጉልበት ስለደከመ ለሌላ ቀን ተውነው። በሁለቱ ተራሮች መካከል ባለው ኮርቻ በኪርክ ሮድ ወረድን። የሸለቆው ሰዎች ተራራውን አቋርጠው ፔኒኩክ ወዳለው ቤተ ክርስቲያናቸው የሚሄዱበት የጥንት መንገድ ነው። ይሄን ስነግራቸው እማማ «ታዲያ ሰዉ እዚህም በእግሩ ነበር የሚሳለመው!» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ታች ሜዳ ነው። ሎጋንሊ በሚባለው የግድብ ሐይቅ በኩል ዓሣ አጥማጆቹን እያለፍን ግሌንኮርስ ደረስን። ይሄ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ለኤድንብራ ውኃ እንዲሰጥ የተሠራ ነው። ከውኃው ሥር በቅድስት ካተሪና ስም የነበረች የድሮ ጸሎት ቤት ፍርስራሽ አለ። እማማ ሲሰሙ አማትበው ዳሩ ላይ ትንሽ ጸለዩ። እኛም ቆመን ጠበቅናቸው።

ለምትሄዱ ሁለት ነገር ልጨምር። ካስልሎው በኩል ወታደሮች የሚተኩሱበት ቦታ አለ፤ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ እንዳትገቡ። በብርዱ ወራት፣ በታኅሣሥ ገደማ፣ ደግሞ የቀኑ ብርሃን ርዝመት ሰባት ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ በጠዋት ውጡ።

ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ አብረውት የሚኖሩ ሁለት ጓደኞቹን ሊያመጣ ነው። ጫማ የላቸውም። ቁጥራቸው 42 እና 43 ነው፤ የማታደርጉት የተራራ ጫማ ያላችሁ ኤድንብራ ያላችሁ ሰዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብታመጡልኝ አደርስላቸዋለሁ።