የሐረር ነጋዴዎች ደብዳቤ ከሂሳቡ ተነጥሎ አይነበብም

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሐረርና በሸዋ መካከል የነገዱ አውሮፓውያን የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎች ማጥናት ለሚፈልግ ሰው፣ እኔ ያጣሁትን ምክር ልስጥ። ፈረንሳይኛውና የቦታ ስሞቹ በትዕግሥት ይገፋሉ፤ የእጅ ጽሑፉንም ዓይን ይለምደዋል። ያንገበገበኝ የአባሪዎቹ፣ ማለትም ከደብዳቤዎቹ ጋር ተያይዘው የተላኩት ወረቀቶች፣ ጉዳይ ነው።

ቅጂ የጠየቅሁበት ቤተ መዛግብት የላከልኝ ደብዳቤዎቹን ብቻ ነበር። አብረዋቸው ታጥፈው የመጡት የሂሳብ ዝርዝሮች «የንግድ ወረቀት» ተብለው ሌላ ክፍል ገብተዋል፤ የትኛው ከየትኛው ደብዳቤ እንደወጣም አልተመዘገበም። አንድ ነጋዴ ኪሳራውን ከተያያዘው ሂሳብ እንዲያዩለት ጽፎ ይሰናበታል፤ ሂሳቡ ግን የለም። ለምን እንደተለያዩ ስጠይቅ ኃላፊው «ታሪኩ ያለው ደብዳቤው ላይ ነው» አሉኝ። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ወርቁን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። እነዚህ ሰዎች ወርቅ አላስቆፈሩም፤ ከወለጋና ከሌላው የምዕራብ አገር የሚመጣው ወርቅ እጃቸው የሚገባው እንደ ቡናው፣ እንደ ዝባዱና እንደ ዝሆን ጥርሱ ሸቀጥ ሆኖ ነው። ስለዚህ የወርቁ ዱካ ያለው ሂሳቡ ላይ ነው። ወርቁ በወቄት ይመዘናል፤ አንድ ወቄት ደግሞ የአንድ ማርያ ትሬዛ ብር ክብደት፣ 28 ግራም ያህል ነው። ያው ብር መመዘኛም መክፈያም በመሆኑ፣ ደብዳቤው «ይህን ያህል ብር» ሲል ክብደቱን ይሁን ዋጋውን ማለቱ አይለይም። ሂሳቡን በመጨረሻ ሳገኝ ግን በአንዱ ዓምድ ክብደቱ፣ በቀጣዩ ዋጋው ለየብቻ ተጽፎ አየሁ።

ወረቀቱ ራሱ ገንዘብ የሆነበት ጊዜም አለ። ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 የጦር መሣሪያ ሸዋ ድረስ አምጥቶ ከንጉሥ ምኒልክ የተቀበለው፣ ሐረር ላይ ደጃዝማች መኮንን እንዲከፍሉት የሚያዝ ጽሑፍ ነበር። በኋላም ሐረር ሱቅ ከፍቶ ሸዋ ካለው ስዊሳዊ መሐንዲስ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ሲጻጻፍ፣ የፖስታ አገልግሎት ገና ስላልነበረ ደብዳቤው የሚጓዘው ከሲራራ ነጋዴ ጋር ነው።

የቤተ መዛግብቱ መመሪያ ደብዳቤዎቹ በቀን ቅደም ተከተል ተነበው ሂሳቡ ለማረጋገጫ ብቻ እንዲታይ ይመክራል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ሂሳቡ ይቅደም። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፤ አባሪዎቹንም በስም ጠቅሳችሁ ጠይቁ። የቅጂው ጥራት የእጥፉን መስመርና ወረቀቶቹ የተያያዙበትን የመርፌ ቀዳዳ የማያሳይ ከሆነ አትቀበሉት፤ እኔ የተለያዩትን ወረቀቶች መልሼ ያገናኘሁት በእነዚህ ምልክቶች ነውና።