«ኦቾሎኒ አለው?» ብዬ ጠየቅኩ

የምሠራው ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ፣ ከብራይተን ቢች ብዙም በማይርቅ ትንሽ የታክስ ቢሮ ነው። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 15 ቀኑም ሌሊቱም አይለይልንም። ደንበኛው የዓመቱን ወረቀት በፌስታል ጠቅጥቆ ያመጣና «ዛሬ ካላለቀ» ይላል። ስለዚህ ቀነ ገደቡ ባለፈ ማግስት ሁላችንም ቁጭ ብለን ኬክ እንበላለን። በ2024 የመግዛቱ ተራ የእኔ ነበር።

የት እንደምሄድ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። ከቢሯችን አለፍ ብሎ የጆርጂያውያን ዳቦ ቤት አለ። ጆርጂያ ስል አትላንታ ያለችበትን ግዛት አይደለም፤ በካውካሰስ ተራሮች ሥር ያለውን፣ ዋና ከተማው ትብሊሲ የሆነውን አገር ነው። ቤቱን እወደዋለሁ። ቶኔ የሚሉት ክብ የሸክላ ምድጃ አላቸው፣ እንደ ጉድጓድ ጥልቅ። ጋጋሪው እስከ ወገቡ ጎንበስ ብሎ ሊጡን ከውስጠኛው ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ሲወጣ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ እንደ ጀልባ ረዘም ያለ ዳቦ ይሆናል። ሾቲ ይሉታል። ትኩሱን ይዤ ስወጣ መንገድ ላይ ጫፉን ሳልቆርስ ቢሮ ደርሼ አላውቅም።

መስታወቱ ውስጥ ደግሞ አይብ የተሞላው ኻቻፑሪ፣ ቦሎቄ የተሞላው ሎቢያኒ፣ በቅቤና በስኳር የተጠቀለለው ካዳ፣ ናፖሊዮን የሚሉት ተነባባሪ ኬክና የማር ኬክ ይደረደራሉ። ስማቸው የተጻፈው በራሳቸው ፊደል ነው። 33 ፊደል አላቸው፣ ሁሉም ጠምዘዝ ጠምዘዝ ያሉ። እኛም የራሳችን ፊደል እንዳለን ለባለቤቷ ወረቀት ላይ ጽፌ ያሳየኋቸው ቀን ነው የተዋወቅነው። በዕድሜ ትልቅ ሴት ናቸው። «ጎጎ» ይሉኛል፣ «አንቺ ልጅ» እንደማለት።

ያን ዕለት ጾም ላይ ነበርኩ። የፈረንጆቹ ፋሲካ ማርች 31 ካለፈ ቆይቷል። የእኛ ግን ሜይ 5 ነበር፣ የጆርጂያ ኦርቶዶክሶችም እንደዚያው። እሳቸውም ይጾሙ ነበር። ስለዚህ ወሬያችን ረዘመ። ለራሴ ሎቢያኒ ፈልጌ «ቅቤ ነክቶታል? ሊጡ ውስጥ ወተት አለ? እንቁላል ተቀብቷል?» እያልኩ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም አንድ በአንድ መለሱልኝ። በቅቤ የሚሠራውን ወደ ጎን አድርገው በዘይት የተሠራውን አወጡልኝ። «ሳማርኽቮ» አሉኝ፣ የጾም ማለት ነው።

ከዚያ ለቢሮው አንድ ትልቅ የማር ኬክ አዘዝኩ። ልከፍል ስል ቢሮ ውስጥ ከፊት ለፊቴ የምትሠራው ልጅ ትዝ አለችኝ። አለርጂ አለባት። ሥራ በጀመረችበት ሳምንት ነግራናለች። «ነት» ነበር ያለችው። እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነት ማለት ለውዝ ነው። ለውዝ ደግሞ አዲስ አበባ ላደግኩት ለእኔ ኦቾሎኒ ነው፤ በወረቀት ተጠቅልሎ መንገድ ላይ የሚሸጠው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ኦቾሎኒ አለው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«የለውም» አሉ። እውነታቸውን ነበር።

ቢሮ ስደርስ ኬኩ ተቆረጠ። እኔ ሎቢያኒዬን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ስለምጾም ኬኩን አልቀመስኩትም። እሷ ሁለት ሹካ ያህል በልታ አቆመች። ከንፈሯን ነካች። «አፌን ያሳክከኛል» አለች። ደቂቃ ሳይቆይ ድምጿ ተለወጠ። የተዘጋ፣ ወፍራም ድምፅ። ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

አለቃችን መሳቢያ ከፍቶ የአለርጂ ክኒን ሲፈልግ እሷ በጣቷ ወደ ቦርሳዋ ጠቆመች። ኢፒፔኗ፣ ለከባድ አለርጂ ራስ በራስ የሚወጋው መርፌ፣ እዚያ ነበር። ራሷ አወጣችና ከሱሪዋ በላይ የጭኗን ውጫዊ ጎን ወጋች። ሌላው 911 ደወለ። በኋላ ሁላችንም ያወቅነው ነገር አለ፦ ክኒኑ ማሳከክን ያስታግስ ይሆናል እንጂ ጉሮሮ መዘጋት ሲጀምር የሚደርሰው መርፌው ነው። መርፌው ተወግቶም ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል። ለዚህ ነው እስከ ማታ አስተኝተው የተከታተሏት። በማግስቱ በሰላም መጣች። እግዚአብሔር ይመስገን።

እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለራሴ ጾም ስንት ጥያቄ ጠየቅኩ! ስለ ቅቤው፣ ስለ ወተቱ፣ ስለ እንቁላሉ። ለእሷ ትንፋሽ የጠየቅኩት አንድ ብቻ ነው። እሱንም ልከፍል ስል፣ ቃሉን ሳላጣራ።

ጠዋት ወደ ዳቦ ቤቱ ሄድኩ። ለመክሰስ አይደለም፣ ምን እንደነበረበት ለማወቅ ነው። ስነግራቸው ሴትየዋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ወደ ጓዳ ገብተው አንድ ሳህን አመጡ። ቅርፊቱ ሲሰበር አንጎል የሚመስለው ፍሬ ነው፣ ዋልነት። «ኒጎዚ» ይሉታል። ፈጭተው ከኬክ ፍርፋሪ ጋር ቀላቅለው የማር ኬኩን ዙሪያውን ያለብሱታል። ቀለማቸው አንድ ስለሆነ ዓይን አይለየውም። ያለ ኒጎዚ የጆርጂያ ማዕድ የለም አሉኝ። የዶሮው መረቅ፣ የቆስጣው፣ የደበርጃኑ ሁሉ በእሱ ይሠራል። «ኦቾሎኒ ብለሽ ጠየቅሽኝ» አሉ። «እኛ ኦቾሎኒ አንጨምርም።» ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

ኦቾሎኒ የባቄላና የሽምብራ ዘመድ ነው፤ ዋልነት ዛፍ ላይ የሚያፈራ ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ የ2004ቱ የምግብ አለርጂ ሕግም ለየብቻ ነው የሚዘረዝራቸው። በሕጉ የተዘረዘሩት ዋና ዋና አለርጂ አምጪ ምግቦች ስምንት ዓይነት ነበሩ፤ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ሰሊጥ ዘጠነኛ ሆኗል። ችግሩ ሕጉ የሚያስገድደው ታሽጎ የሚሸጠውን ነው። ስታዝዙ ከመደርደሪያ አንስተው ካርቶን ውስጥ የሚያስቀምጡላችሁን ኬክ አይመለከትም። እዚያ ላይ ያለው መከላከያ የገዢው ጥያቄና የሻጩ መልስ ብቻ ነው።

ባልደረባዬን ይቅርታ ጠየቅኳት። ታሪኩን ከነ«ለውዝ»ነቱ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና ስልኬን ተቀብላ የማይሆንላትን ሁሉ ስም በስም ጻፈችልኝ፦ ዋልነት፣ ካሹ፣ ፒስታሽዮ፣ ሃዘልነት። አለርጂ ያለበትን ሰው አሁን «ምን ዓይነት?» ሳልል አላልፍም። ሻጩንም በዝርዝሩ ነው የምጠይቀው፤ ቃሉ ካልገባን ፎቶውን አሳያለሁ።

ከወር በኋላ የእሷ ልደት ደረሰ። ዝርዝሩን ይዤ ወደ ጆርጂያዊቷ ሄድኩ። ኒጎዚ የሌለበት ናፖሊዮን እንዲመርጡልኝ ለመንኳቸው። ስልኬን አዩ፣ ሊጥ የሚዳምጡበትን ጠረጴዛ አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጠረጴዛው አንድ ነው፣ ቢላው አንድ ነው። የኒጎዚው ዱቄት በየቦታው አለ። ጎጎ፣ ለእሷ ከዚህ ቤት ምንም አትውሰጂ።»

ለእኔ አንድ ትኩስ ሾቲ ጠቀለሉልኝና ገንዘቡን አልቀበልም አሉ። ለእሷ ጥጉ ላይ ካለው የፍራፍሬ ሱቅ ሁለት ካርቶን እንጆሪ ገዛሁ።