ነጭ አሳ ስትገዙ አፉን እዩልኝ

ባሕር ዳር ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ዝግመተ ለውጥ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት መንቁራቸው በየምግባቸው የተለያየው የጋላፓጎስ ደሴቶች ወፎች ናቸው። እኔ ግን ተማሪዎቼን ጣና ሐይቅ ዳር፣ አሳ ወደሚወርድበት እወስዳቸዋለሁ። እዚያ በአንድ ክምር «ነጭ አሳ» ተብሎ የሚሸጠውን ተመራማሪዎች በ15 ዝርያ ከፍለውታል።

አሳ የሚበልቱትን እትዬን ሁለት ጭንቅላት ለመንኳቸው።

«ለድመት ነው መምህርት?»

«ለተማሪዎቼ ነው እትዬ።»

አንደኛው አፉ ሰፊ ነው፤ ሌላ አሳ አሳዶ የሚበላ። ሁለተኛው ከንፈሩ ወፍራም ነው፤ ከሐይቁ ወለል ትንንሽ ነፍሳት ይለቅማል። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ብትፈልጉ የለም። ጥርሱ ከስንጥቡ (ከመተንፈሻው) ኋላ፣ ጉሮሮ ውስጥ ነው። የሰፊ አፉን በቢላ ጫፍ ፈልቅቀን አወጣነው። ማጭድ የመሰለች አጥንት ናት፤ የበቀሉባት ጥርሶች ቀጫጭን፣ ጫፋቸው ቆልመም ያለ። መንጋጋው ጥርስ ከሌለው ወገን አሳ በል መውጣቱ ብርቅ ነው፤ ጣና ግን 8 አሉት!

እንዲህ በመልክ የተራራቁት አሶች በዘረመል በጣም ይቀራረባሉ። የተለያዩት በቅርቡ ነዋ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከታች ያለ አሳ ሽቅብ አይወጣም። ከላይ የቀሩት የሐይቁን ምግብ ተከፋፈሉት፤ አፋቸውም በየምግባቸው ተቀረጸ።

ታዲያ ለምን አይደባለቁም? አንዱ ምክንያት መራቢያቸው ነው። ከ15ቱ 7ቱ ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎችም ወንዞች ይወጣሉ። የሚፈስ ንጹሕ ውሃና ጠጠር ይፈልጋሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይወጡም፤ ተራ አላቸው።

የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። በነሐሴና በመስከረም ወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋ የሚያዙት እንቁላል የተሸከሙ እናቶች ናቸው። አሳ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወንዝ ውስጥ የሚበትንም አለ። በሐይቁ ደቡብ በኩል በተደረገ ጥናት፣ በፈረንጆቹ ከ1991 እስከ 2001 የነጭ አሳ ጠቅላላ ክብደት በ75 በመቶ አሽቆልቁሎ ተገኝቷል። ይህ የድምሩ ቁጥር ነው። በአንድ ክምር እየመዘንን የትኛው ዝርያ እንደሚያልቅ በምን እናውቃለን?

15ቱንም ለዩ አልልም። ግን ሰፊ አፉንና ወፍራም ከንፈሩን ለብቻ መመዝገብ ይቻላል። ተማሪዎቼ በአንድ ጠዋት ለይተዋቸዋል።