ሁለተኛውም በኦፕራሲዮን ሆነ

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኳት በኦፕራሲዮን ነው። በመቀመጫዋ መጥታ ነበር። ሌሊት ነው፣ ሁሉም ይሯሯጣል፣ አንድ ሰው ወረቀት ሰጠኝ፣ ፈረምኩ። ምን ላይ እንደፈረምኩ የገባኝ በማግስቱ ነው። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ግን ማንም አላስረዳኝም።

ስለዚህ ሁለተኛውን ሳረግዝ ለራሴ ቃል ገባሁ። ይሄኛውን አምጬ ነው የምወልደው።

ክትትል የጀመርኩት እዚሁ ሐይቅ ከተማ ነው። አዋላጇ ካርዴን እንዳየች፣ “አንቺማ የምትወልጂው ደሴ ነው፤ እዚህ አንነካሽም” አለችኝ። ደነገጥኩ። በኋላ ሲገባኝ ልክ ነበረች። አንዴ የተቀደደ ማህፀን ምጥ ሲበረታበት በቆየው ስፌት ላይ ሊተረተር ይችላል። ቁርጡ ከታች በኩል አግድም ከሆነ ይህ የሚደርሰው ከ200 ሴቶች በአንዷ ገደማ ላይ ነው። ሲደርስ ግን ጊዜው በደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ኦፕራሲዮን ክፍል የሌለበት ቦታ መሞከር አይሆንም።

ደሴ ያየኝ ዶክተር መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ጤናዬ አይደለም። “ወረቀቱ አለሽ?” ነው ያለኝ። ከመጀመሪያው ወሊድ በኋላ ስወጣ የተሰጠኝን ማለቱ ነው። ለካ ሆድ ላይ የሚታየው ጠባሳ ውስጡ እንዴት እንደተቀደደ አይናገርም። ቆዳው አግድም ተቀድዶ ማህፀኑ ቁልቁል ተቀድዶ ሊሆን ይችላል። ቁልቁል ከሆነ ማማጥ የሚባል ነገር የለም። ወረቀቱ ከልጄ የክትባት ካርድ ጋር ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተገኘ። ባለቤቴ አንዴ ሊጥለው ሲል ከእጁ የነጠቅኩት ነው። አንዲት ነርስ “ይቺን እንዳትጥያት” ብላኝ ነበር። እግዜር ይስጣት።

ወረቀቱ አግድም ይላል። የመጀመሪያዋ በመቀመጫዋ ስለመጣች እንጂ ዳሌዬ ጠብቦ አልነበረም። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜም ወደ 4 ዓመት ነው፤ ከ18 ወር ካነሰ አደጋው ይጨምራል። ዶክተሩ “እንዳንቺ ያሉ ከሞከሩት 100 ሴቶች ከ60 እስከ 80ው አምጠው ይወልዳሉ” አለኝ። እኔ የሰማሁት 80ውን ነው። የቀሩትን ሴቶች ጭራሽ አልሰማኋቸውም።

ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። ለማማጥ ተዘጋጀሁ፤ በየቀኑ በእግሬ ሄድኩ፣ መተንፈስ ተለማመድኩ። ላይሳካ ይችላል ብዬ ግን አንድ ነገር አላሰናዳሁም። የያዝኩት ልብስ ለአንድ ሌሊት ነው። ትልቋን ልጄን ለእናቴ የሰጠኋት “ነገ እመጣለሁ” ብዬ ነው።

በትክክል ያደረግኩት አንድ ነገር ቢኖር ቀድሜ ደሴ መግባቴ ነው። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቀን ምንም አይደለም። በነሐሴ ሌሊት፣ በዚያ ዝናብና ጉም፣ ምጥ ይዞ መኪና መፈለግ ግን ሌላ ነገር ነው። 38 ሳምንት ሲሞላኝ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ የባለቤቴ አክስት ቤት ገባሁ። እሳቸው ይሰግዳሉ፣ እኔ ፍልሰታን እጾማለሁ፤ ወሎ ነው፣ ማስረዳት አያስፈልግም። ማታ ማታ ቡና አፍልተው፣ እጣኑን አጭሰው ዱዓ ያደርጉልኛል። እናቴ ደግሞ በስልክ “ማርያም በሽልም ታውጣሽ” ትላለች። ከሁለቱም ወገን ተይዞልኛል ብዬ ተኛሁ።

ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የሽርት ውሃዬ ፈሰሰ። አስቀድመን የተነጋገርነው የሰፈሩ ባለ ባጃጅ ወዲያው መጣ። ሆስፒታል ስደርስ የማህፀኔ በር 3 ሴንቲ ተከፍቷል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 6 ሴንቲ። ከዚያ በኋላ ቆመ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ያው 6። ጎኔ ያለችው የወረባቦ ሴት ከእኔ በኋላ ገብታ፣ እሷ “ያ ረቢ”፣ እኔ “ማርያም ማርያም” ስንል ቆይተን፣ እሷ ወልዳ ሄደች። ቀናሁባት። እውነቱን ነው የምናገረው፣ በዚያ ሁኔታም ሰው ይቀናል።

“የሚያፋጥነውን መርፌ ስጡኝ” ብዬ ለመንኩ። ተረኛዋ ዶክተር እምቢ አለች። መርፌው ምጡን ሲያበረታ ጠባሳው ላይ የሚያርፈው ጫናም ይጨምራል፤ በዚያ ላይ የልጁ የልብ ምት እንደ ጠዋቱ አይደለም አለችኝ። ቀን 6 ሰዓት ሲሆን ምጥ በመጣ ቁጥር የልብ ምቱ ይወርድና ቶሎ አይመለስም ነበር። እኔም የሆነ ነገር ተለየብኝ። ምጥ ሄዶም ጠባሳው አካባቢ የማይለቅ ሕመም አለ። ማጉረምረም እንዳይመስልብኝ ብዬ ዝም ልል ነበር። ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጁ እየደከመ እንደሆነ፣ ጠባሳውም እንዳሳሰባት፣ ኦፕራሲዮን ብንገባ እንደምትመርጥ ነገረችኝ። “ብንጠብቅስ?” አልኳት። “ምናልባት ትወልጂ ይሆናል። ግን ልጁን እያየሁ መጠበቅ አልችልም።” “እርስዎ ቢሆኑስ?” “አሁን እገባለሁ” አለች፣ ሳታመነታ።

ወረቀቱ መጣ። ይሄኛውን አነበብኩት። ሰው እየጠበቀኝ እንኳ ሦስቱንም መስመር አነበብኩ። ከዚያ ፈረምኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ፍርሃት አልነበረም። የተሸነፍኩ መሰለኝ።

ኦፕራሲዮን ክፍሉ እንደ ደሴ ማለዳ ይቀዘቅዛል። ለማደንዘዣው መርፌ ጀርባሽን እንደ ድመት አጉብጪ ተባልኩ። ምጥ እየመጣ ማጉበጥ ከመርፌው በላይ ይከብዳል። ከዚያ እግሬ ሞቀ፣ ከበደ፣ የሌላ ሰው እግር ሆነ። ወዲያው አቅለሸለሸኝ። መጀመሪያ ጊዜ የምሞት መስሎኝ ዝም ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ማደንዘዣው ግፊት እንደሚያወርድ አውቃለሁ። “አቅለሸለሸኝ” ስል ባለሙያው መድኃኒት ሰጠኝ፣ ለቀቀኝ። ሕመም የለም፤ መጎተት ግን አለ። ሆዴ ውስጥ ሰው ጆንያ የሚያራግፍ ነው የሚመስለው። የቀድሞው ስፌት ውስጡን አጣብቆት ስለነበር ልጁ ጋ ለመድረስ ከመጀመሪያው ረዘመ። ከዚያ ጮኸ። ወንድ፣ 3.4 ኪሎ።

ኮሪደር ላይ አክስታችን እልልታውን ለቀቁት። ወንድ ነውና ሰባቱን ሊሞሉ ሲሉ ሦስተኛው ላይ ጥበቃው አስቆማቸው። “የቀረውን ቤት እጨርሰዋለሁ” አሉት። ጨርሰውታል።

በማግስቱ ዶክተሯን “ትንሽ ብንጠብቅ ኖሮስ?” አልኳት። “ጠባሳው በጣም ሳስቶ ነበር” አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ እኔም ልቤ አልደፈረም።

ከዚያ በኋላ ያለው በአብዛኛው የማውቀው ነው። ነርሶቹ በየሰዓቱ “አየር ወጣልሽ?” ይላሉ፤ አንጀት መሥራት መጀመሩን የሚያውቁት በዚያ ነው። ሲወጣ ሙሉ ክፍሉ ተደሰተ። እናቴ ገንፎውን በቅቤ አጥለቅልቃ መጣች፤ መጀመሪያ ሻይና አጥሚት ይቅደም አሏት፣ ተቆጣች። ቅቤውን ቁስሉ ላይ ልትቀባልኝም ነበር፤ እሱን እኔ ነኝ የከለከልኳት። ስነሳ መጀመሪያ በጎኔ ተገልብጬ፣ በክንዴ ተደግፌ ነው። ሳል ሲመጣ የታጠፈ ጋቢ ቁስሉ ላይ ደግፌ ይዤ እስላለሁ። ጡት ያጠባሁት በጎኔ ተኝቼ ነው። መጀመሪያው ጊዜ ቁጭ ብዬ ስታገል ጡት ማጥባቱን ልተወው ደርሼ ነበር።

ቤት ስገባ ጠያቂው መጣ። “እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ በምጥ ነው በኦፕራሲዮን?” “በኦፕራሲዮን” ስል “ውይ፣ ምስኪን!” ሦስት ቀን ሙሉ ምስኪን ሆኜ ከረምኩ። አራተኛው ቀን ላይ “በሁለቱም ነው፤ 11 ሰዓት አምጬ ከዚያ በኦፕራሲዮን” ማለት ጀመርኩ። ምስኪኑ ቀረ።

አሁንም አንዳንዴ ይቆጨኛል። ግን እንደ መጀመሪያው አያመኝም፤ ያ ሌሊት አሁንም ሲታወሰኝ ያበሳጨኛል፣ ይሄኛው ግን የኔ ውሳኔ ነው። ለሌላ ሴት የምነግራት ካለ ግን ይሄን ነው፦ የሦስት አራት ቀን ልብስ ያዢ። ለትልቁ ልጅ “ነገ” አትበይ። ውሃ የሚቀዳ፣ ጀሪካን የሚያነሳ ሰው ቀድመሽ ያዢ። ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ መግል ካወጣ፣ ደሙ ከበዛ፣ ወይ አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ የአራስ ወግ ሳትይ ተመለሺ። እኔ አሁን ሦስተኛ ካረገዝኩ እንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ እንዳልተጣበቀ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ቀኑም አስቀድሞ ይቀጠራል ተብያለሁ። ከሆስፒታል ስወጣ “ቁርጡ እንዴት እንደሆነ ይጻፍልኝ” ብዬ አስጻፍኩ። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ላይ ሳጥን ውስጥ ናቸው።

ባለፈው ስታጠብ ትልቋ ጠባሳዬን አየችው። አንድ ነው፤ ሁለተኛውም የተከፈተው በዚያው ላይ ነው።

“እኔ በዚህ ነው የወጣሁት?”

“አዎ።”

“እሱስ?”

“እሱም።”

አኮረፈች። “ታዲያ በሬን ለምን ሰጠሽው?”