አየሩ የሚያመልጠው ከኔ መስሎኝ ነበር

የመጀመሪያ ክላርኔቴ ሌላ ሰው ለዓመታት የነፋበት ነበር። ጥቁር እንጨት፣ የሚያብረቀርቁ ቁልፎች፤ ሳጥኑን ስከፍት ልቤ ይደልቅ ነበር። ግን ሰባት ወር ሙሉ የታችኛውን ሚ፣ የክላርኔትን ዝቅተኛ ድምፅ፣ አንድ ቀን እንኳ አጥርቼ አላወጣሁትም። ወይ ይጮህብኛል፣ ወይ ጭራሽ እምቢ ይላል። ትንፋሽ የለኝም ብዬ ደመደምኩ፤ ማታ ማታ ስተኛ ትራስ ሆዴ ላይ አድርጌ መተንፈስ እለማመድ ነበር።

አንድ ቀን አንድ አንጋፋ ተጫዋች መሣሪያዬን ተቀበሉኝና የላይኛውን ክፍል ብቻ ነቀሉት። ቀዳዳዎቹን በግራ ጣቶቻቸው ደፍነው፣ የታችኛውን አፍ በቀኝ መዳፋቸው ዘግተው ከላይ አየሩን ሳቡት። ደህና ክላርኔት አየሩ ከተሳበ በኋላ ለጥቂት ሰከንድ እንደታፈነ ይቆያል። የኔ ግን ወዲያው ለቀቀ። ቀጥለው ቀጭን የሲጋራ ወረቀት ቀደዱና በየፓዱ (ቁልፉ ሲዘጋ ቀዳዳውን በሚደፍነው ለስላሳ ክዳን) ሥር እያስገቡ፣ ቁልፉን ዘግተው ቀስ ብለው ይስቡት ጀመር። ሁሉም ወረቀቱን ያዝ ያደርጋሉ። አንዱ ጋ ሲደርሱ ግን ወረቀቱ ሾልኮ ወጣ። ፓዱ ደርቆ ጠርዙ ተነሥቶ ነበር። «ልጄ፣ ያንተ ትንፋሽ ምንም አልሆነ» አሉኝ።

ፓዱ ተቀየረ፣ ሚም ወጣ። ይሁንና ያ ክላርኔት አሁንም የኔ አልሆነም፤ ጣቶቼ አጫጭር ናቸውና። የቀኝ ትንሿ ጣቴ ቁልፎቿ ላይ ለመድረስ ስትዘረጋ የቀለበት ጣቴን ከቀዳዳው ላይ ታነሣዋለች። ይህን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለኝ። አንድ ዜማ ነፍቼ ስጨርስ ጣቶቼን ገልብጬ አያለሁ። ቀዳዳው ሥጋዬ ላይ ሙሉ ክብ ካተመ በደንብ ደፍኛለሁ፤ ግማሽ ጨረቃ ከሆነ ግን አየር እያመለጠኝ ነው። የቀለበት ጣቴ ላይ ሁልጊዜ ግማሽ ጨረቃ ነበር።

አውራ ጣትም አይረሳ። የክላርኔቱን ክብደት፣ 700 ግራም ወይም ከዚያ በላይ፣ የሚሸከመው የቀኙ ነው። ማረፊያው ወደ ላይና ወደ ታች የሚስተካከል ከሆነ እጅ እፎይ ይላል።

ስለዚህ ሌላ ክላርኔት ለመምረጥ ስሄድ የራሴን ማውዝፒስ (አፍ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ) እና የለመድኩትን ጥንካሬው 2.5 የሆነ ሪድ (እዚያ ላይ ታስሮ የሚርገበገበውን ስስ ቁራጭ) ይዤ ሄድኩ። እነሱ ከተቀያየሩ የማወዳድረው ክላርኔቱን ይሁን ማውዝፒሱን አላውቅም። በእያንዳንዱ ላይ የታችኛውን ዶ ነፋሁና በግራ አውራ ጣቴ የሬጂስተሩን ቁልፍ፣ ድምፁን ወደ ላይኛው ክልል የሚያሻግረውን፣ ተጫንኩ። ክላርኔት እንደ ሳክስፎን በአንድ ኦክታቭ (በስምንት ደረጃ) አይዘልም፤ አሥራ ሁለት ደረጃ ወጥቶ ሶል ላይ ያርፋል። ሁለቱም ድምፆች በቱነሩ (የድምፅን ልክ በሚያሳየው መሣሪያ) ላይ ለትክክለኛው ልክ ሲቀርቡ ደስ ይለኛል።

የወሰድኩት የፕላስቲክ ነው። የእንጨቱ ድምፅ ውብ ነው፤ አልክድም። ግን እንጨት ከውስጥ በትንፋሽ ሞቆ ከውጭ ሲበርደው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ አዲስ ሲሆን ደግሞ በቀን ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ እየተነፋ ቀስ በቀስ መልመድ አለበት። እኔ የምጫወተው አብዛኛውን ጊዜ ደጅ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትንሿ ጣቴ ሳትንጠራራ ትደርሳለች።

የድሮውን ጣቱ ረጃጅም ለሆነ ጓደኛዬ ሰጠሁት። እሱ ሲነፋው የታችኛው ሚ ደረት ውስጥ ይሰማል።