ከእምቦጩ ሥር ያለው ነጭ ዓሣ

ያደግኩት ባህር ዳር ነው። እናቴ ገበያ ስትወጣ ዓሣን በሦስት ትለየዋለች፤ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። ቀረሶ ለጥብስ፣ አምባዛ ለወጥ። ነጭ ዓሣ አጥንቱ ስለሚበዛ ለእኛ ለልጆቹ ስትሰጠን ራሷ ቁጭ ብላ እየለቀመች ነበር። እና ብዙ ዓመት ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት ዓሣ ይመስለኝ ነበር።

አንድ አይደለም። ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ናቸው፣ አብዛኞቹም ከጣና ውጪ የትም አይገኙም። በ1990ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ከኔዘርላንድስ ዋገኒንገን የመጡ ተመራማሪዎች ከሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ጋር እየዋሉ አንድ በአንድ ለይተው ገለጿቸው። የአፋቸው ቅርጽ ይለያያል፣ የሚበሉት ይለያያል፣ የሚኖሩበት ጥልቀት ይለያያል። በጣም የገረመኝ ግን ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ መሆናቸው ነው። ነጭ ዓሣ የሚመደብበት የካርፕ ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ስለዚህ በሌላው ዓለም አዳኝ የሚሆኑት ጥቂት ናቸው። ጣና ውስጥ ግን ከታች ዓባይ ውስጥ ያለው ዓሣ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ምክንያት ወደ ላይ መውጣት ስለማይችል የአዳኙ ቦታ ክፍት ነበር፤ የእኛዎቹ በረጅም ዘመን ቦታውን ሞሉት።

እንዲህ ያለ የዓሣ ዘመድ ስብስብ ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅም ነበር። ነበር ነው የምለው። ከውጭ የገቡ ዓሦች በሏቸው፣ በላዩ ላይ ማጥመዱ ከልክ አለፈ። በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በዚያ ሐይቅና መውጫው ብቻ ከሚገኙት 17 ዝርያዎች 15ቱ መጥፋታቸውን ይፋ አደረገ። ይህን ባነበብኩ ቀን ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ከላናኦ በኋላ የቀረው የእኛ ነው።

ስለ ጣና ስናወራ የምናወራው ስለ እምቦጭ ነው። ትክክልም ነው። መጤ አረም ነው፣ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ አማዞን። ኢትዮጵያ ውስጥ በ1965 ቆቃ ላይ ታየ፣ ጣና ላይ ደግሞ በ2011። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ፍሬው ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ገበሬው ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ፎቶውን ሁላችንም አይተናል፤ ካናዳ ያሉ ወገኖቻችን ሳይቀሩ አዋጥተው ማሽን ልከዋል። ያንን ድካም ላሳንስ አይደለም የምጽፈው። የምጽፈው ብዙ ሰው «እምቦጩ ከተነሳ ዓሣው ይመለሳል» ብሎ ስለሚያምን ነው። አይመለስም። ብቻውን አይበቃም።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

እምቦጭ ውሃውን ሲሸፍነው ብርሃን አይገባም፤ ብርሃን ከሌለ ቀረሶ የሚበላው ጥቃቅን አልጌ አይበቅልም። ቀረሶ እንቁላሉን የሚጥለው ዳር ላይ፣ ጥልቀቱ ትንሽ በሆነ ቦታ ጎድጓድ ቆፍሮ ነው፤ እምቦጭም የሚወደው ያንኑ ዳር ነው። አረሙ ሲሞት ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል። እዚህ ላይ አምባዛ ይሻለዋል፤ ከውሃው በላይ አፉን አውጥቶ አየር መሳብ ይችላል። ነጭ ዓሣ አይችልም።

ጣና ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን፣ ሙቀቱ እኩል ሆኖ ባህር ጠረፍ ላይ ካለ ውሃ በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። ውሃው ከ20 ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ ደግሞ ካለው ላይ ወደ 9 በመቶ ይቀነሳል። ሙቀት ሲጨምር ዓሣው የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል፤ የሚያገኘው ይቀንሳል። አገሩ በሙሉ እየሞቀ ባለበት ጊዜ፣ ከመነሻውም አየር ያጠረው ሐይቅ ላይ አረም ሲጨመርበት አስቡት።

ይሄ ሁሉ ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ሐይቁ ውስጥ የለም፣ ወንዙ ውስጥ ነው።

ከነጭ ዓሣዎቹ ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት ከሐይቁ ይወጣሉ። ክረምት ሲገባ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ነሐሴና መስከረም ውሃውን እየተጋፉ ሽቅብ ወጥተው ወደ ገባሮቹ ይገባሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ያለበት፣ ፈጣን፣ ንጹሕ ውሃ ነው። እንቁላሉ ጠጠሩ መሃል ገብቶ አየር ያለው ውሃ እየነካው ይቀፈቀፋል። ጫጩቶቹ ጥቂት ወራት ወንዙ ውስጥ አድገው ነው ወደ ሐይቁ የሚወርዱት።

አሁን ይህን መንገድ በየደረጃው ተመልከቱት። ዝናቡ ዘግይቶ ከጀመረ ዓሣው ወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃል፣ እዚያ ደግሞ መረብ አለ። በአንዴ ዶፍ ሆኖ ከወረደ የታረሰውን ተራራ አፈር ይዞ ይመጣና ጠጠሩን በደለል ይደፍነዋል፤ እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። (ያው አፈር ከነማዳበሪያው ሐይቁ ሲደርስ እምቦጩን የሚቀልበው እሱ ነው። ሁለቱን ችግር የሚያገናኘው ክር ይሄ ይመስለኛል።) ዝናቡ ቶሎ ካቆመ ደግሞ ወንዙ ይቆራረጣል፣ ጫጩቱ ኩሬ ውስጥ ታግዶ ይቀራል። የሐይቁ ውሃ ሲሸሽም በተጋለጠው እርጥብ ጭቃ ላይ የተቀበረው የእምቦጭ ፍሬ ይበቅላል።

ባለፈው ጥር ወደ ጎንደር ስሄድ ጉማራ ድልድይ ላይ ወረድኩ። ከሐሙሲት አልፎ፣ ወረታ ሳይደረስ ነው። በአንድ በኩል አሸዋ የሚጭን ሲኖትራክ ቆሟል። በሌላው በኩል ለሽንኩርት ውሃ የሚስቡ ፓምፖች፣ ስቆጥር ሰባት ነበሩ። መሃል ላይ የቀረችው ውሃ ከቁርጭምጭሚቴ አትበልጥም። አንድ ሽማግሌ ከብት እያጠጡ ነበር። «ጋሼ፣ እዚህ ዓሣ ይወጣ ነበር?» አልኳቸው።

«ይወጣ ነበር ወይ ትይኛለሽ ልጄ! ነሐሴ ላይ ጀርባው እየታየ ነበር የሚያልፈው። አሁን እምቦጩን ለማየት ስንቱ ባለሥልጣን ይመጣል፣ ይህን ወንዝ ለማየት ማን መጣ?»

መልስ አልነበረኝም።

ሽንኩርት የሚያጠጣውን ገበሬ ልወቅስ አልችልም፣ ልጆች አሉት። ግን እምቦጭ ከመምጣቱ በፊትም ዓሣው ተጎድቶ እንደነበር ማወቅ አለብን። በ1986 ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ከዚያ በፊት የነበረው በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን የሚደረግ ማጥመድ ነው። በ1990ዎቹ ውስጥ ብቻ የነጭ ዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ እንደቀነሰ ተመራማሪዎቹ ለክተዋል፤ ዋናው ምክንያት ደግሞ ለመራባት ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰብ በመረብ መታፈሱ ነው። እምቦጩም ሙቀቱም የመጣው በደከመ ዓሣ ላይ ነው።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለእምቦጭ ዘመቻ ከሚወጣው ጉልበት ሩቡ ወደ ወንዞቹ ይዙር። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወንዝ አፍ ላይ መረብ አይዘርጋ፤ ያ ሲባል ዓሣ አጥማጁ በእነዚያ ወራት የሚበላው ይታሰብለት። ጠጠር ያለባቸው የገባሮቹ ክፍሎች ተለይተው አሸዋ አይነሳባቸው። በበጋ ደግሞ ምንም ቢሆን ወንዙ እስከ ሐይቁ ድረስ ሳይቆረጥ የሚፈስበት ያህል ውሃ ይተውለት። ርብ ላይ ግድብ ስላለ እዚያ ውሃ መልቀቅ የሰው ውሳኔ ነው፣ የዝናብ አይደለም።

አሁን ከእናንተ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ፎገራ፣ ደምቢያ፣ ሊቦ ከምከም፣ ደራ ወይም ሜጫ ያደጋችሁ ካላችሁ፣ ልጅ ሆናችሁ ዓሣ ሲወጣ ያያችሁበትን ወንዝ ስሙን ጻፉልኝ። በየትኛው ወር እንደነበር፣ ታቹ ጠጠር ይሁን ጭቃ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ እንደሆነ። እናት አባቶቻችሁንም ጠይቁልኝ። ነሐሴ ላይ ጉማራን ከድልድዩ ወደ ላይ በእግሬ ልከተለው አስቤያለሁ፣ ከየት እንደምጀምር የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ።