አባዬና እቴቴ ሮም የመጡ ጊዜ

ሮም ለሚኖር ሰው ቤተሰብ ሲመጣበት ምን ላሳይ ብሎ መጨነቅ የለበትም ብዬ ነበር የማስበው፣ ከቤት ወጣ ካልክ ድንጋዩ ሁሉ ሁለት ሺህ ዓመቱ ነው፣ ኮሎሲየም አለ፣ ትሬቪ ፏፏቴ አለ፣ ቫቲካን አለ፣ በቃ ጫማ የሚመች ማድረግ ብቻ ነው። አባዬና እቴቴ (የአባቴ ታላቅ እህት ናት፣ እኛን ያሳደገችን እሷ ናት ማለት ይቻላል) በጥቅምት ሲመጡ እኔም እንደዛው ፕሮግራም አውጥቼ ነበር። የቪዛውን ነገር እንለፈው፣ የግብዣ ደብዳቤው፣ የ30,000 ዩሮ ኢንሹራንሱ፣ የባንክ ስቴትመንቱ፣ ያለፈበት ያውቀዋል።

ለካ አባዬ የራሱን ሊስት ይዞ ነው የመጣው። በወረቀት ጽፎ፣ አራት ላይ አጥፎ፣ የኮቱ ኪስ ውስጥ። የአክሱም ሐውልት የነበረበት፣ አበበ የሮጠበት፣ ሙሶሎኒ የፎከረበት በረንዳ። ኮሎሲየም እንኳን የለበትም። እቴቴን አንቺስ ስላት "እኔ ጴጥሮስን ብቻ አሳዪኝ፣ ሌላው ትርፍ ነው፣ ጫማ ካለ ጫማ" አለች።

የመጀመሪያው ቀን ገና ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አውቶብስ ስንጠብቅ ነው የተጀመረው። እዛ አደባባይ ላይ በየቀኑ ከሥራ ስመለስ አውቶብስ እቀይራለሁ፣ ስሙ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ነው፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አባዬ ታርጋውን አንብቦ "የምን አምስት መቶ ነው?" አለኝ። ዶጋሊ ላይ የሞቱት የጣልያን ወታደሮች ናቸው አልኩት። ትንሽ ዝም አለና "አሉላ የጨረሳቸው?" አዎ ስለው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ድረስ ሳቀ፣ እቴቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ "ኧረ ዝም በል ያስሩናል" ትላለች። በእኛ 1879 ጥር ላይ የሆነ ነገር እስካሁን የሮም ትልቁ የአውቶብስ ጣቢያ ስም ሆኖ መቆየቱ ደንቆት ነው፣ "የተሸነፉበትን በር ላይ ለጥፈውታል እኮ" ይላል ደጋግሞ።

ከዛ መታሰቢያ ሐውልቱንም ካላየሁ አለ፣ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሪፑብሊካ አደባባይ የሚወስደው ጎን ትንሽ መናፈሻ ውስጥ ነው ያለው፣ ቱሪስት አይቆምበትም፣ ሻንጣ የያዘ ሰው ነው የሚያልፈው። የሚገርመው መታሰቢያው ላይ ያቆሙት ሐውልት የግብጽ ነው፣ የራምሴስ ሁለተኛ። ማለት ለዶጋሊ ሙታን መታሰቢያ የሌላ አፍሪካ አገር ድንጋይ። ለገሐር ያለውን የይሁዳ አንበሳም በፋሺስት ጊዜ ከአዲስ አበባ ነቅለው አምጥተው እዚሁ ሥር ነበር ያቆሙት፣ ኋላ ነው የተመለሰው። አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ያን አንበሳ በየቀኑ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ድንጋዩን ዞሮ ዞሮ አየው፣ እቴቴ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን እያሸች ነው።

በማግስቱ ፒያሳ ቬኔዚያ ሄድን። ሙሶሎኒ እ.ኤ.አ ግንቦት 9 ቀን 1936 ኢትዮጵያን የግዛታችን አካል አድርገናል ብሎ ያወጀው እዛ ካለው ፓላዞ (የድሮ ቤተ መንግሥት ነው) በረንዳ ላይ ነው። አያቴ ያኔ ጫካ ነበር፣ አርበኛ ነበር፣ አባዬ ያደገው በዛ ወሬ ነው። በረንዳዋን አሳየሁት። "ይቺ ናት እንዴ?" አለ። እውነትም ትንሽ ናት፣ ከኛ ሰፈር ፎቆች በረንዳ አትበልጥም። ፎቶ እንኳን አላስነሳም፣ "በአምስት ዓመቱ ወጣ አይደል እንዴ" ብሎ ዞረ።

ከዛ ወደ ኮሎሲየም የሚወስደውን ሰፊ መንገድ ይዘን ስንሄድ በስተቀኝ ግድግዳው ላይ ትልልቅ የእምነበረድ ካርታዎች አሉ፣ የሮማ ግዛት እንዴት እየሰፋ እንደሄደ የሚያሳዩ፣ አራት ናቸው። አምስተኛም ነበረ፣ የፋሺስቱን ግዛት ከነኢትዮጵያ የሚያሳይ፣ ከጦርነቱ በኋላ አነሱት። ይህን ስነግረው አባዬ በጣቱ ቆጠራቸው፣ አራት መሆናቸውን አረጋግጦ ነው መንገዱን የቀጠለው።

ኮሎሲየም ደረስን፣ ሰልፉ መዓት ነው፣ ቲኬት ልቁረጥ ስል እቴቴ "እነ አግናጥዮስን ለአንበሳ የሰጡበት ቤት ከፍዬ አልገባም" አለች። እሷ ቅዱስ አግናጥዮስ ምጥው ለአንበሳ እያለች ነው የምታውቀው፣ ሮም ላይ መሆኑን ታውቃለች፣ እኔ ስንት ዓመት እዚህ ኖሬ አንድም ቀን አገናኝቼው አላውቅም። ከውጪ ቆማ አማተበች፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ በቃ የኮሎሲየም ጉብኝት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ከኮሎሲየም በእግር ቅርብ ነው፣ አሁን ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ካለበት ትልቅ ነጭ ሕንጻ ፊት ለፊት፣ ሕንጻውም ያኔ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ የታሰበ ነበር። ሐውልቱ እ.ኤ.አ በ1937 ነው የተተከለው፣ በ1947 የሰላም ውል ላይ ልንመልስ ብለው ፈርመው እስከ 2003 ሳይነኩት ቆዩ፣ ከዛ ተፈታ፣ በ2005 በአውሮፕላን ሄደ፣ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። ዛሬ ቦታው ላይ ሁለት አጫጭር ጥንታዊ ዓምዶች ናቸው ያሉት፣ አሜሪካ ላይ በደረሰው የሴፕቴምበር 11 ጥቃት የሞቱት መታሰቢያ። መኪና ይጮሃል፣ የትራፊክ መብራት አለ፣ ሌላ ምንም የለም። አባዬ ግን ያን ባዶ ቦታ ለማየት ነው የመጣው! "እዚህ ጋ አንሺኝ" ይላል፣ "እንደገና አንሺኝ፣ ከኋላዬ ያለው ክፍት ቦታ እንዲታይ"። እቴቴ "ምንም የሌለበት ፎቶ ምን ያደርግልሃል" ስትለው "ምንም እንደሌለበት እንዲታይ ነው" አላት። ያን ፎቶ አዲስ አበባ ያሉ የድሮ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ሁሉ በቴሌግራም ደርሷቸዋል፣ አንዱ ባዶ አደባባይ ላይ ቆመህ ምን ትሠራለህ ብሎ ጻፈለት፣ አባዬ ሙሉ ገጽ መልስ ጻፈ።

አበበ ቢቂላ ደግሞ ያመለጠው እዛው ሐውልቱ ጋ ነው። የሮም ኦሎምፒክ ማራቶን መነሻው ካምፒዶልዮ ኮረብታ ላይ፣ መድረሻው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነበር፣ በመሐል በአፒያ አንቲካ የድሮ ድንጋይ መንገድ፣ መሽቶ ወታደሮች ችቦ ይዘው እያበሩላቸው። አበበ ሐውልቱን አስቀድሞ ምልክት አድርጎት ነበር፣ እዛ ሲደርስ የሞሮኮውን ራዲን ጥሎት ሄደ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ፣ በባዶ እግሩ። ቀኑ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። አባዬ ያኔ ትንሽ ልጅ ነው፣ ወሬውንና እንቁጣጣሽን አንድ ላይ ነው የሚያስታውሳቸው፣ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር ይላል።

ከፖርታ ካፔና እስከ ቅስቱ ያለውን ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ቀስ እያልን ሄድን። ዛፍ አለበት፣ ጥላ ነው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። እ.ኤ.አ በ2010 የሮም ማራቶን ሲራጅ ገና የሚባለው የኛ ሯጭ የመጨረሻዋን መንገድ ጫማውን አውልቆ ሮጦ እንዳሸነፈ ስነግረው "ጎበዝ፣ አደራውን የሚያውቅ" አለ። አባዬ ጫማውን ያወልቃል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አላወለቀም፣ ግን ቅስቱ ጋ ሲደርስ ሰዓቱን አየ።

ቫቲካን የእቴቴ ቀን ነው። ነጠላዋን ለብሳ ስለነበር በአለባበስ ማንም አላስቸገራትም፣ ቁምጣ ያደረጉ ቱሪስቶች ሲመለሱ አይታ በጣም ደስ አላት። የነሐሱ ጴጥሮስ ሐውልት እግሩ በመዳሰስ ብዛት አልቆ ለስልሷል፣ እቴቴ ተሰልፋ ዳሰሰች፣ ሳመች፣ ከዛ ወደ ሌላው ጌጥ ዞራም አላየችም። እኔና አባዬ ጉልላቱ ላይ ወጣን፣ ሙሉው 551 ደረጃ ነው፣ በሊፍት ብትጀምር እንኳን 320 ይቀርሃል፣ አባዬ በየመሐሉ "ሥዕሉን ልይ" እያለ ነው የሚያርፈው። ከላይ ሆነህ ከኋላ ያለው የአትክልት ስፍራ ይታያል፣ የኢትዮጵያ ኮሌጅ እዛ ውስጥ ነው፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንም እዛው ከባዚሊካው ጀርባ፣ እ.ኤ.አ በ1548 እና 49 የግእዝ አዲስ ኪዳንን ሮም ላይ ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን እዛ ነው የተቀበሩት። እዛ በደንብ ብንገባ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አትክልቱ ያለ ጉብኝት ቲኬት አያስገባም።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። ፓስታው ለእቴቴ ጥሬ ነው፣ "ገና ነው መልሱት" ብላ አስተናጋጁን አስደንግጣዋለች። ረቡዕና ዓርብ ግን ፒዛ ማሪናራ አዳነን፣ አይብ የለበትም፣ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ብቻ፣ የጾም ቤተሰብ የሚመጣባችሁ ያዙልኝ። ቡናውን ቆመው በአንድ ጉንጭ ጠጥተው ሲወጡ ስታይ ደሞ "ሰው የሞተባቸው ነው የሚመስሉት" አለች።

ትሬቪን ማታ አሳየኋቸው፣ ሰው ከሰው ተጣብቆ ውሃውም አይታይ፣ አባዬ ሳንቲም አልወረውርም አለ፣ እቴቴ ሁለት ወረወረች፣ አንዱ የሱ ነው ብላ። ጫማውም ተገዛ፣ ያውም ሦስት ጥንድ።

ታናሽ ወንድሜ በሚመጣው ዓመት ሊመጣ ነው፣ አሁን ከወዲሁ ኮሎሲየም ውስጥ መግባት አለብኝ እያለ በቮይስ ይጨቀጭቀኛል። ቲኬቱን በኦንላይን ራሱ ይቁረጥ፣ እኔ እንደሆነ እስከ ዛሬ ውስጡን አላየሁትም።